አሌክሳ ስትዘጋ የጮኹት ሰነፎች አይደሉም፦ ለአንድ በስፋት ለተጋራ ጽሑፍ ምላሽ

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የአማዞን የክላውድ አገልግሎት (ለድርጅቶች በኢንተርኔት የሚያከራያቸው ኮምፒውተሮች) ሲቃወስ አሌክሳ የተባለችው የድምፅ ረዳት ለብዙ ሰዎች መልስ መስጠት አቆመች። መብራት አብሪ ቢሏት የማትሰማቸው፣ ያስያዙት የማንቂያ ደወል ሳይጮህ የረፈደባቸው፣ የበር ካሜራቸው የጠፋባቸው ሰዎች ቅሬታቸውን በየማኅበራዊ ገጹ ጻፉ። እነዚህን ቅሬታዎች መነሻ ያደረገ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ያሉ መምህራንና ተማሪዎች እየተቀባበሉት ነው። ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው፤ ጸሐፊውም ለወጣቱ ተጨንቀው እንደጻፉት ያስታውቃል። ድምዳሜው ግን የተሳሳተ ነው፤ ተበዳዩን ጥፋተኛ ያደርጋል።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላዛባ ላስቀምጠው። አምፖል ለማብራት እጁን መዘርጋት የተወ ሰው አምፖሉ እምቢ ሲለው ቢጮህ የስንፍናው ማስረጃ ነው ይላሉ። የተበላሸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ስለሆነ ነገሩ ከመጀመሪያው እምነት የሚጣልበት አልነበረም ባይ ናቸው። አገልግሎቱ በነፃ የሚሰጥ ነውና የሚያማርር ሰው መብት የለውም፤ መሣሪያው አማርኛ ስለማይሰማ ለጎጃም ሰው መዘጋቱም መከፈቱም አንድ ነው፤ ቅሬታ ደግሞ የትም አይደርስም፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል። መደምደሚያቸው «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ነው፤ ደመና ላይ ያለን አገልግሎት ትተን ወደ ማብሪያና ማጥፊያው እንመለስ ይላሉ።

ከስንፍናው ልጀምር። ጸሐፊው ከቅሬታዎቹ ሁሉ የመረጡት የአምፖሉን ነው፤ ለማሾፍ የሚመቸው እሱ ነውና። ግድግዳው ላይ ማብሪያ እያለው የተማረረ ሰው መኖሩን አልክድም። በጥገና ሠራተኞች ላይ ስድብ ያወረዱትንም አልከላከልላቸውም። ነገር ግን በድምፅ የሚያዝዝ ሰው ሁሉ እጁን መዘርጋት ሰንፎ ነው የሚለው አይያዝም። ዓይነ ስውር ሰው ሰዓት የሚጠይቀው በድምፅ ነው። እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው መብራቱን፣ በሩንና ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው በድምፅ ነው። መሪ የጨበጠ ሾፌር፣ ሊጥ ውስጥ እጇ የገባ እናት፣ መድኃኒት የመዋጫ ሰዓታቸው የሚምታታባቸው አዛውንት እንደዚሁ። ለእነዚህ ሰዎች «ወደ ቁልፉ ተመለሱ» ማለት ወደማይደርሱበት ቦታ ሂዱ ማለት ነው።

የእኛንም አገር ልማድ እንይ። በገጠር ጎጃም ማንበብ ያልተማሩ እናቶች አረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር የሚገናኙት ኢሞና ቴሌግራም ላይ ቮይስ በመላክ ነው። የተማረውም ቢሆን በግእዝ ፊደል መጻፉ ሲያደክመው ማይክሮፎኑን ተጭኖ ይናገራል። ቮይስ እምቢ ያለ ቀን እኒያ እናት ቢማረሩ ሰነፍ ይባላሉ? ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ሲዘረፍ የኖረውስ በቃል አይደለም እንዴ? መምህሩ ይናገራል፣ ደቀ መዝሙሩ ይሰማል፣ ይዞ ይቀጽላል። በዚህ ባህል ያደግን ሰዎች ድምፅን የሰነፍ መንገድ ነው ማለት የለብንም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ አስተውሎቱ ተበላሸ የሚለው፣ በእውነታ ደረጃ ስሕተት ነው። የሚያሳስተውም እሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የድምፅ ረዳት ሥራ ሰንሰለት ነው። መቀስቀሻ ቃሏን፣ «አሌክሳ» የሚለውን፣ የሚለየው ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ተቀድቶ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር፣ ሩቅ ወዳለው ኮምፒውተሩ፣ ይሄዳል። እዚያ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ከጽሑፉ ሰውየው የፈለገው ነገር ይለያል፤ ትእዛዙ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል። አምፖሉ የሌላ ኩባንያ ምርት ከሆነ ትእዛዙ ወደዚያ ኩባንያ ሰርቨር ሄዶ ነው ወደ ቤት የሚመለሰው። በመጨረሻ መልሱ ወደ ድምፅ ተለውጦ ይሰማል። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያለ አምፖል እንዲበራ ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ከእነዚህ እርከኖች አንዱ ከተበጠሰ ረዳቷ «ይቅርታ፣ አሁን መረዳት አልቻልኩም» ትላለች፤ ሰሚው ደግሞ ማሽኗ የደነቆረች ይመስለዋል።

በዚያ ቀን የተበጠሰው የትኛው ነው? አማዞን ራሱ ያወጣው ዝርዝር መግለጫ አለ። ችግሩ የተነሣው አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ አካባቢ ካለው የሰርቨር ማዕከል፣ ዳይናሞ ዲቢ ከሚባለው የመረጃ ቋት ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ፕሮግራም ሌላውን የሚያገኘው ዲኤንኤስ በሚባል መዝገብ ነው። ዲኤንኤስ እንደ ስልክ ደብተር ነው፤ ስም ትሰጠዋለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል። ያንን መዝገብ የሚያድሱ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ያልተለመደ መዘግየት ገጠመው፤ ሌላው እስከዚያው አዲሱን የአድራሻ ዝርዝር መዝግቦ ጨረሰና ያረጁትን ማጽዳት ጀመረ። የዘገየው ደርሶ በእጁ የነበረውን አሮጌ ዝርዝር በአዲሱ ላይ ጫነው። አጽጂው ይህ ያረጀ ነው ብሎ ሰረዘው። መዝገቡ ባዶ ቀረ፤ አውቶማቲክ ፕሮግራሙም ራሱን ማስተካከል ስላልቻለ ሰው ገብቶ በእጁ አስተካከለው። የመረጃ ቋቱ ደህና ነው፤ አድራሻው ግን ስለጠፋ ማንም ሊደርስበት አልቻለም። እዚህ ታሪክ ውስጥ አላስተዋለም የሚባል አስተውሎት የለም። ያለው ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ መዝገብ ላይ መሽቀዳደማቸው ነው።

ሌሎቹም መቋረጦች ከዚህ አይለዩም። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ከነድምፅ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ምክንያቱ አዲስ የተጫነ የክትትል ፕሮግራም ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረውን ክፍል በጥያቄ ማጨናነቁ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ክላውድፍሌር ሲቃወስ ደግሞ ቦት (ሰው መስሎ ድረ ገጽ የሚጎበኝ ፕሮግራም) የሚለይበት አንድ ፋይል መጠኑ በእጥፍ አድጎ ከተፈቀደለት ወሰን በማለፉ ነው። ጸሐፊው አስተውሎቱን መጠርጠራቸው ተገቢ ነው፤ የድምፅ ረዳቶች በደህና ቀንም ይሳሳታሉ። ይህ ግን ሌላ ክስ ነው፤ ጥቅምት 10 ማስረጃ አይሆነውም።

ልዩነቱን ማወቅ ለተጠቃሚው በተግባር ይጠቅመዋል። መሣሪያው ስትጠራው የራሱ ትንሽ መብራት በርቶ ከዚያ ይቅርታ ካለ፣ ጆሮው ደህና ነው፤ የጠፋው መንገዱ ወይም ሰርቨሩ ነው። ጭራሽ ካልበራ ማይክሮፎኑ ተዘግቷል ወይም ኃይል የለውም። ሌላ ጥያቄ እየመለሰ አምፖሉን ብቻ ማብራት ካቃተው ችግሩ ያለው አምፖሉ ራሱ ላይ ወይም የሠራው ኩባንያ ዘንድ ሊሆን ይችላል። አንድ ደቂቃ በማይፈጅ ሙከራ ይህን የለየ ሰው መሣሪያውን ነቅሎ እየተከለ ግማሽ ቀን አያባክንም።

ተጠቃሚዎቹን ትክክል የሚያደርጋቸውም ይኸው ሰንሰለት ነው። ይህን ያህል ርቀት መሄድ የግድ አልነበረም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 የስልኮቹን ሶፍትዌር አይኦኤስ 15ን ሲያወጣ ሲሪ የተባለችው የድምፅ ረዳቱ አዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ማንቂያ መሙላትን፣ ሰዓት መቁጠርን፣ አፕ መክፈትን የመሰሉ ትእዛዞች ያለ ኢንተርኔት እንድትፈጽም አድርጓል። አማዞንም ቢሆን አንዳንድ መሣሪያዎቹ ኢንተርኔት ባይኖርም መብራትና ሶኬት በድምፅ እንዲያዙ የሚያስችል አሠራር አለው። በሌላ በኩል ድምፃቸው እንዳይላክ ለሚፈልጉ ተጠቃሚዎች በጥቂት መሣሪያዎቹ ላይ ሰጥቶት የነበረውን ምርጫ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2025 አንሥቷል። ምርጫው ቢኖርም ኖሮ ጥቅምት 10 አያድናቸውም ነበር፤ ያኔም ጽሑፉ ወደ ሰርቨር ይሄድ ነበርና። አካሄዱ ግን ይታያል፦ ጥገኝነቱን የሚያጠብቀው የተጠቃሚው ስንፍና ሳይሆን የሠሪው ውሳኔ ነው።

ነፃ ነው ለተባለው ብዙ አልደክምም፤ ነፃ አይደለምና። መሣሪያው በገንዘብ ይገዛል። አዲሷ አሌክሳ ፕላስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ስትተዋወቅ ፕራይም የሚባለው የአማዞን ደንበኝነት አባል ላልሆነ ሰው በወር 19.99 ዶላር ተተምኖላት ነበር። በገንዘብ ያልከፈለም በድምፁ ከፍሏል፦ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 አማዞን የልጆችን የድምፅ ቅጂ ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ አስቀምጧል በሚል በአሜሪካ መንግሥት ለቀረበበት ክስ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሌላም አለ። የዳይናሞ ዲቢ ውል በተለመደው አሠራሩ በወር 99.99 በመቶ እሠራለሁ ይላል፤ ሲሰላ በወር የሚፈቀደው መቋረጥ 4 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ነው። በዚያ ቀን ዳይናሞ ዲቢ ብቻ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ያህል ጠፋ፤ ሌሎቹ አገልግሎቶች ሙሉ በሙሉ እስኪያገግሙ ከ14 ሰዓት በላይ ፈጀ። በእንዲህ ያለው ውል ማካካሻ የሚጠይቀው ክላውዱን የተከራየው ድርጅት ነው። ደወሉ ያልጮኸለት ሰው በዚያ ውል ውስጥ ስሙ የለም። በእጁ ያለው ብቸኛ ነገር ቅሬታው ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ እሱንም ይተው ይሉታል።

አሁን ለእኛ በጣም ወደሚቀርበው ነጥብ ልምጣ፦ የጎጃምን ሰው አይመለከተውም ወደሚለው። ግማሹ እውነት ነው። አሌክሳም ሲሪም አማርኛ አይሰሙም። መርዓዊ ወይም ቢቸና ላይ በአሌክሳ መብራት የሚያበራ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የቀረው ግማሽ ግን ሰዓቱን ካለማየት የመጣ ነው። መቋረጡ የጀመረው ሰኞ ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ48 ላይ ነው። ቨርጂኒያ ያሉት ተኝተው ነበር፤ እኛ ግን ሥራ ላይ ነን። የዳይናሞ ዲቢ አድራሻ የተመለሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ከአሌክሳ ጋር ካንቫ፣ ዙም፣ ሲግናልና ዱኦሊንጎም ተቃውሰዋል። ካንቫ ላይ የሠርግ ጥሪ የሚያዘጋጅ ማተሚያ ቤት፣ ዙም ላይ ስብሰባ የያዘ መምህር አሜሪካኑ ከመንቃቱ በፊት ችግሩ ደርሶበታል። ብዙው ሰው እንደ ለመደው ኔትወርክ የለም ብሎ አለፈው እንጂ።

ከዚህ በላይ ደግሞ በድምፅ የሚሠራ አገልግሎት እኛም ዘንድ አለ። ጎግል የስልኩ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ አማርኛን በድምፅ የመጻፍ አገልግሎት የጀመረው ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። ፊደል መልቀም የሚያደክማቸው ሰዎች በዚያ ይጻጻፋሉ። ከዚያም በፊት፣ 2006 ዓ.ም. ላይ፣ የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመርን ከፍቷል። ገበሬው በነፃ ይደውላል፤ ቋንቋውን ይመርጣል፤ የሰብሉን ቁጥር ይጫናል፤ ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ የተቀዳ ምክር ይሰማል። አሌክሳ አይደለም፤ ንግግር አይለይም፤ በቁልፍ የሚታዘዝ ድምፅ ነው። ለማያነብ ገበሬ ግን የባለሙያ ድምፅ በእጁ ነው።

እንዲህ ያለ መስመር ቢዘጋ ምን ይከተላል? መልሱ በወሩ ይወሰናል። መስከረም ማለቂያ ላይ ለአንድ ቀን ቢጠፋ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ሐምሌ ላይ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ግን ሌላ ነው። መጤው ተምች 2009 ዓ.ም. ላይ አገር ከገባ ወዲህ የበቆሎ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። እንቁላሉ በሞቃት አየር በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ሕፃን ሳለ ቅጠሉን ከላይ እየፋቀ ስለሚበላ መድኃኒት ያገኘዋል። ሳምንት ከዘለለ በኋላ ግን መሃል ላይ ወደተጠቀለለው ለጋ ቅጠል ይገባና ሣጋቱራ የመሰለ ኩሱን ከላዩ ላይ ይደፍንበታል። ያኔ የሚረጨው መድኃኒት አይደርሰውም፤ ገበሬው ብርና ጉልበቱን ያባክናል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይረጭ የሚባለውም ትሉ ፀሐይ ሲበረታ ስለሚሸሸግ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የ5 ቀን መቋረጥ የመጀመሪያውን ዕድል ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን ያጣ የሜጫ ወይም የቡሬ ገበሬ ቢጮህ የጩኸቱ ትርጉም «የመርጫው ጊዜ እያለፈኝ ነው» ማለት ነው።

ስለ መቋረጥ ደግሞ የጎጃምን ሰው የሚያስተምረው የለም። ባንክ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ማነው? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ዳታ የሚፈልገው ሁሉ ቆመ። የስልክ ጥሪ በሚሠራባቸው ቦታዎች ግን ጥሪና አጭር ቁጥር ብቻ የሚፈልገው አገልግሎት መሥራት ይችል ነበር። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ጸሐፊው ካሉት የተለየ ነው። ጥያቄው ድምፅ ወይስ ቁልፍ አይደለም፤ አገልግሎቱ ስንት ነገር ሲሟላለት ነው የሚሠራው ነው። 8028 ጥሪ ብቻ ይበቃዋል። ለአሌክሳ ግን መብራት፣ ዋይፋይ፣ ዓለም አቀፍ መስመር፣ ቨርጂኒያና የአምፖሉ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ደህና መሆን አለባቸው። ተረቱን ከተጠቀምን ደግሞ ላሟ ሰማይ ላይ ያለችው ድምፅ ስለሆነች አይደለም፤ እዚያ ያሰሯት ሰዎች ስላሉ ነው። ወደ ምድር ማውረድ ይቻላል፤ ሲሪ ላይ ተደርጓልና።

ቅሬታ የትም አይደርስም የሚለውን ያው ጥቅምት 10 ራሱ ያፈርሰዋል። ኤይት ስሊፕ የሚባል ኩባንያ በኢንተርኔት የሚታዘዝ፣ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ የፍራሽ ልብስ ይሸጣል። ክላውዱ ሲቃወስ ሰዎች ፍራሻቸው ሙቀት ላይ ተቸክሎ፣ አልጋቸው እንደተቃና ቀርቶ አደሩ። ቅሬታው ጎረፈ። የኩባንያው ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰርቨር ባይኖርም ከስልኩ በብሉቱዝ ማዘዝ የሚያስችል አሠራር ተለቀቀ። ያ አሠራር ሊኖር የሚችለው ከበፊቱም ነበር፤ እንዲሠራ ያደረገው ግን ያልተኙት ሰዎች ጩኸት ነው። ሁሉም ዝም ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ የሚቀጥለውም መቋረጥ እንደዚያው ሙቀት ላይ ያገኛቸው ነበር።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል፤ ልቀበላቸው። ሁሉም ሰው ደጋግሞ ሲሞክር ችግሩን ያባብሰዋል ብለዋል፤ እውነት ነው። በዚያ ቀን አድራሻው ከተመለሰ በኋላም ሰርቨሮች ለመነሣት ሰዓታት የፈጁት የተከማቸው ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለጎረፈባቸው ነው። ስለዚህ ደጋግሞ መሞከር አይረዳም። ከዚያ የባሰው ደግሞ አፑን ማጥፋትና እንደገና መጫን ነው። መቋረጥ ላይ ያለ አገልግሎት አካውንት ማረጋገጥም ሊያቅተው ይችላል፤ ወጥቶ ለመግባት የሞከረ ሰው ሰርቨሩ ከተመለሰ በኋላ እንኳ የማረጋገጫ ቁጥር እየጠበቀ ይቀራል። መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ የመለሰም የመብራቱን ስም፣ የማንቂያውን ሰዓት፣ የሞላውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ዳታውም በከንቱ ያልቃል። አንዴ ሞክሮ ልዩነቱን መለየት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይበቃል። ይህ ግን ትዕግሥት ነው እንጂ ዝምታ አይደለም።

ወደ ቁልፍ እንመለስ ለሚለው መልሴ፣ ቁልፉም ይኑር ነው። ማብሪያውን ከግድግዳ አንሡ ያለ ማንም የለም። ማንቂያ የሚሻ ሰው በስልኩ ሰዓት አፕ ላይም ይሙላው፤ እሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልኩ እንዳይጠፋ ብቻ ቻርጅ ይደረግ። የመድኃኒት ሰዓት በአንድ ማሽን ላይ ብቻ አይጣል፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘብ ለመላክ ዳታ ሲጠፋ ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847# ይከፈታሉ፤ የስልክ ካርድ ቀሪ ሒሳብ በ*804# ይታያል። እነዚህ የሚሄዱት በኢንተርኔት ሳይሆን በስልኩ ኔትወርክ ስለሆነ ቁልፍ ብቻ ባለው ስልክም ይሠራሉ። ዓይነ ስውር የሆነ ወዳጅ ያለው ሰው የስክሪን አንባቢውን ድምፅ ስልኩ ውስጥ ያስጭንለት። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያለ ኢንተርኔት ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ግን አይጠፋም። በድምፅ የሚጽፍ ሰው ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ካልተጻፈለት አገልግሎቱ ያለ ኢንተርኔት እንደማይሠራ ከአሁኑ ይወቅ።

ሲዘጋ ደግሞ ይቅረብ ቅሬታው፤ አቀራረቡ ግን ይታሰብበት። «አይሠራም» የሚል ቅሬታ ለጥገና ሠራተኛው ምንም አይነግረውም። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ የት ቦታ እንደሆነ፣ በዳታ ይሁን በዋይፋይ ወይም በጥሪ፣ መሣሪያው የመለሰው ቃል በቃል ምን እንደነበር፣ ሌላ አፕ በዚያው ሰዓት ይሠራ እንደነበር ይጻፍ። በስልክ መስመር ከሆነ የትኛው ቋንቋ፣ ስንተኛው ምርጫ ላይ እንደተቋረጠ ይነገር። ከዚያ ያስቀረው ሥራ በአንድ መስመር ይጨመር፦ ደወል፣ መድኃኒት፣ ፈተና፣ የተምች መርጫ። ኔትወርኩ ራሱ ከሆነ 994 ይደወል፤ መብራት ከሆነ 905። የእርሻ ምክር መስመር ከሆነ ደግሞ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ በአካልም ይነገረው፤ የጎረቤቶቹን ማሳ የሚያዳርሰው እሱ ነውና፣ መስመሩ እስኪመለስ የትኛው በቆሎ ስንት ቀኑ እንደሆነ ማወቅ አለበት።